የጀልዴሳ ማኅተም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ቡናዬም በርዷል።

ሰሞኑን የአንድ ድሮ ፖስታ ፎቶ እያየሁ ነበር። የምኒልክ ቴምብር ተለጥፎበታል። ማኅተሙ ግን የእንጦጦ አይደለም፣ የሐረርም አይደለም። የጀልዴሳ ነው። ፈረንጆቹ «ጊልዴሳ» ይሏታል። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለች የገጠር መንደር ናት። ስሟ በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው።

ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም ነው። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ አራቱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ። እሺ፣ ታዲያ እዚያች መንደር ማኅተም ምን ይሠራል?

መልሱ ግመል ነው። ከባሕር የመጣ ግመል በረሃውን አቋርጦ ጀልዴሳ ላይ ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ የሐረር ዳገት ነው፤ ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ይወጣል። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ ሰው አያጣም። ቀራጩ አለ፣ ዘበኛው አለ፣ ተራውን የሚጠብቅ ነጋዴ አለ። ግብፆች ሐረርን በያዙ ጊዜ እዚያ ወታደር አስቀምጠው ነበር። ነጋዴ የሆነው ገጣሚ፣ ራምቦም፣ በዚያ አልፏል።

በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ከጠረፍ ወዲያ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፓሪስ የሚሄድ ደብዳቤ ሁለት ቴምብር ይለጠፍበታል፤ አንዱ የምኒልክ፣ ሌላው ጅቡቲ ላይ የነበሩት የፈረንሳዮቹ። አንድ ፖስታ ላይ ሁለት መንግሥት!

ይሄ ነገር ልጅነቴን አስታወሰኝ። እኛ አገር ፖስተኛ ቤት ድረስ አይመጣም፣ ሳጥን ነው። እኛ ደግሞ ሳጥን አልነበረንም። ደብዳቤያችን አባቴ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት «በኩል» ይመጣ ነበር። የአክስቴ ደብዳቤ ሁሌም «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል» ብሎ ይጀምራል። እኛ ጋ እስኪደርስ ግን ስንት እጅ እንደነካው እንጃ።

ወደ ጀልዴሳ ልመለስ። ባቡሩ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም መጣ። ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ ሐዲዱን እዚያ ማውጣት ከባድ ነው። እናም ከታች ሜዳው ላይ ቆመ፣ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ጀልዴሳ ከመንገድ ውጭ ቀረች። ግመሉ ቀረ፣ ነጋዴው ቀረ፣ ፖስታውም ባቡር ተሳፈረ። እና ታውቃላችሁ? ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ፈቃድ የሰጡት ፖስታውን ባቋቋሙበት በዚያው በ1886 ነው። መንደሯ ማኅተሟን ስትቀበል መሻሪያዋም ተፈርሞ ነበር ማለት ነው።

ድሬዳዋ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ጀልዴሳ ዛሬ ፖስታ ቤት አላት እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ሄጄ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ» አለኝ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ግመል እንኳ ይፈጥን ነበር።