ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው የይፋት ልጅ

[ምስል፦ የጣርማበር ገደል፣ ከታች የይፋት ቆላ]

ተራኪ፦ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ ስትወርዱ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። ይፋት ገብታችኋል። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ የዚህ አገር ልጅ ነው። የተወለደው በ1935 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው።

ስለ ኢትዮ ጃዝ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ይገባዋልም። ሙላቱ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ ጃዝን ከቅኝቶቻችን ጋር አዋህዷል። የጌታቸው መንገድ ግን ሌላ ነው። መነሻው ክራርና መሰንቆ ነበር። ሳክስፎንና ክላርኔት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1949፣ ገና ልጅ ሳለ፣ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ጥላሁን ገሠሠን፣ አለማየሁ እሸቴንና ሂሩት በቀለን ከመሳሰሉ ድምፃውያን ጋር ሠርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

[ድምፅ፦ አንድ ሰው ያለ መሣሪያ ሲሸልል፤ ቀጥሎ ሳክስፎን]

ሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ሽለላ እንግዳ አይደለም። ድግሱ ሞቅ ሲል አንዱ ዱላውን ይዞ ብድግ ይላል። ይንጎራደዳል። ድምፁን ያረዝመዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ድንገት ቁርጥ ያደርገዋል። ድሮ ጦር ሜዳ ሲኬድ እንዲህ ይሸለል ነበር። ልብ በሉ፣ በእጅ አጨብጭባችሁ የምትከተሉት ምት የለውም። ሸላዩ የሚሄደው ትንፋሹና ወኔው እስከወሰዱት ድረስ ነው።

ጌታቸው ይህን ወደ ሳክስፎን አመጣው። ሽለላን ያለ ግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ ቀድመው ካስቀረጹት አንዱ እሱ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስሙት። አንዱን ድምፅ ይይዝና አይለቀውም። ያርገበግበዋል። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፈዋል። ቃል የለም፣ ግን ዘራፍ ሲል ይሰማችኋል። መድረክ ላይም ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። ይህ ለታይታ አልነበረም። ሽለላን ከልቡ ያከብረው ነበር።

የውጭ አድማጮች አጨዋወቱን ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሩታል። ሁለቱም የተለመደውን የጃዝ ሕግ የሰበሩ አሜሪካውያን ሳክስፎኒስቶች ናቸው። መመሳሰሉ እውነት ነው። ምንጩ ግን አንድ አይደለም። የጌታቸውን ነፃነት ያስተማረው ሸላዩ ነው። እኔ ፈር ቀዳጅ የምለውም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የሸክላ ማጫወቻ]

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ አልበሙን አሳተመለት። የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ በሚል ስምም ይታወቃል። በ2003 ደግሞ ሥራዎቹ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበም፣ በቁጥር 14 ወጡ።

ቀጥሎ የመጣው ያልተጠበቀ ነበር። ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ ፓንክ ባንድ በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘው። ያኔ ወደ 70 ተጠግቷል። ሸካራ ጊታር የሚመቱትን እነዚህን ሰዎች ሲሰማ አልሸሸም። ይልቅ እናንተ አጅቡኝ አላቸው! በ2006 ሞአ አንበሳ የተባለው የጋራ አልበማቸው ወጣ። የጊታሩ ጩኸት ለሽለላ እንዲህ ይስማማል ብሎ ማን ያስብ ነበር? አብረው አገር ላገር ዞሩ። በ2012 ደግሞ ሌላ አልበም ደገሙ።

ጌታቸው ኤፕሪል 2016 በ81 ዓመቱ አረፈ።

ለእሱ አዲስ ከሆናችሁ በኢትዮፒክስ ቁጥር 14 ጀምሩ፣ ከዚያ ሞአ አንበሳን ስሙ። ይፋት፣ መንዝ ወይም ቡልጋ ሽለላ የሚያውቁ አያት ወይም አጎት ካሏችሁ ደግሞ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅረጿቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳክስፎን የሚማር ወጣት ካለም ቅጂውን ስጡት።