ካሎ፦ በገዛ ገበሬው ላይ የተሠራ ምሽግ

ምሽግ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ከውጭ ለሚመጣ ጠላት የተሠራ ነገር ነው። የዛሬው ክፍል የሚያወራለት ካሎ ግን መጀመሪያ የተሠራው የአገሩን ሰው ለመያዝ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ቦታው ዴንማርክ ነው። ከኦርሁስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሮንደ ከምትባል ትንሽ ከተማ በታች፣ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ የሚልበት ላይ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ከየብሱ ጋር የሚያገናኛት በድንጋይ የተነጠፈ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ነው። መንገዱ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ሲሆን ዛሬም በእግር ይኬድበታል።

የዴንማርኩ ንጉሥ ኤሪክ ሜንቬድ በሰሜን ጀርመን ጠረፍ ያሉትን ከተሞች ለመጠቅለል ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። ቅጥረኛ ወታደር ደግሞ ያለ ደመወዝ አይዋጋም፤ ዕዳው ግብር ሆኖ ገበሬው ላይ ወደቀ። የዩትላንድ፣ ማለትም የዴንማርክ የየብስ ክፍል፣ ገበሬ አመፀ፣ ከመኳንንቱም አብረውት የቆሙ ነበሩ። ንጉሡ አመፁን በ1313 ጨፈለቀና በዚያው ሰሞን ካሎን ማሠራት ጀመረ። ሆርሰንስ አጠገብ ቢግሆልም፣ ቪቦርግ ላይ ደግሞ ቦርግቮልድ ተሠሩ። ካርታ ዘርግታችሁ ብታዩዋቸው ተበታትነው የተቀመጡት ዩትላንድን ከየአቅጣጫው ለመያዝ መሆኑ ይገባችኋል።

ኤሪክ በ1319 ሞተ። ወንድሙ ዳግማዊ ክሪስቶፈር በ1320 ከመንገሡ በፊት መኳንንቱ ቃል አስገቡት፤ ከቃሎቹ አንዱ በዩትላንድ ያሉት የንጉሡ ምሽጎች፣ ከሪበ፣ ከኮልዲንግና ከስካነርቦርግ በቀር፣ እንዲፈርሱ ነው። ለእኔ ከካሎ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሰዎች ገና በሕይወት እያሉ፣ ለምን እንደተሠራ እያወቁ፣ ይፍረስልን ብለው በጽሑፍ አስፈረሙ። ካሎ ግን ፈርሶ አልቀረም። ኋላ የነገሠው ቫልደማር አተርዳግ የተበታተነውን መንግሥት ሲሰበስብ፣ በ1340ዎቹ ካሎን መልሶ አቆመው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንቅረብ። የቆመው ትልቁ ግንብ ቀይ ሸክላ ጡብ ነው። የዘመኑ የዴንማርክ ጡብ ከዛሬው ይገዝፋል፤ ርዝመቱ 27 ወይም 28 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ወይም 9 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ወፍራም ግንብ እስከ ውስጡ ጡብ አይሆንም። በውጭና በውስጥ ሁለት የጡብ ገጽ ይደረደራል፣ መሀሉ በሜዳ ድንጋይና በኖራ ማልታ ይሞላል። ኖራው የሚገኘው በሃ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ተቃጥሎ ነው። ውሃ ሲነካው እየፈላ ይፈርሳል፣ ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል። የሚደርቀው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ፣ በወፍራም ግድግዳ ልብ ውስጥ ዓመታት ይፈጅበታል።

የፍርስራሹ ችግርም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የውጭው ጡብ ሲነቀል ለዝናብ ያልታሰበው መሀል ይጋለጣል። ውሃ ይገባል፣ ክረምት ላይ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጡቡንም ድንጋዩንም ይገፋል። ሰው ደግሞ በቅንነት በሲሚንቶ ይጠግነዋል። ሲሚንቶ ከጡቡ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያስተነፍስም፤ ውሃው በማልታው መውጣት ሲያቅተው በጡቡ በኩል ይወጣና የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። አሮጌ ጡብ በኖራ ነው የሚጠገነው። መጠገኛው ከጡቡ የለሰለሰ ይሁን፤ መጎዳት ካለበት እሱ ይጎዳ፣ በየጊዜው ይቀየራል።

የካሎን ስም ከዴንማርክ ውጭ ያስጠራው እስረኛ ጉስታቭ ቫሳ ነው። የዴንማርኩ ንጉሥ ዳግማዊ ክሪስቲያን በ1518 መያዣ አድርጎ ከስዊድን አመጣው፣ የካሎ ሹም ለነበረው ለኤሪክ ባነር ተሰጠ። በ1519 አምልጦ የሰሜን ጀርመን ከተማ ሉቤክ ገባ፤ በ1523 የስዊድን ንጉሥ ሆነ። የበሬ ነጂ መስሎ ወጣ የሚለው ትውፊት ነው።

ምሽጉን የጨረሰው ጦርነት አይደለም። በ1660 እና 61 ሥልጣን ሁሉ የንጉሡ ብቻ የሚሆንበት ፍጹማዊ አገዛዝ ሲተከል የድሮው አስተዳደር ተለወጠ፣ ካሎም ሥራ ፈታ። የንጉሥ ፍሬድሪክ ሣልሳዊ ልጅ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደው ኡልሪክ ፍሬድሪክ ጊልደንሎቨ ያዘው። በ1672 አካባቢ አስፈርሶ ጡቡን በመርከብ ወደ ኮፐንሃገን አስጫነ፤ እዚያ ዛሬ ሻርሎተንቦርግ የሚባለውን ቤተ መንግሥቱን እያሠራ ነበር። ከ1754 ጀምሮ የሥነ ጥበብ አካዳሚው የሚገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ ካሎን ሙሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ኮፐንሃገን ላይም ቆም ይበል።

ካሎ ዛሬ በሞልስ ቢያርገ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጉ፤ የመንገዱ ድንጋይ ወጣ ገባ ነው፣ ነፋሱም ከባሕር ቀጥታ ይመታል። መጀመሪያ ደሴቷን የሚቆርጡትን ቦዮች ፈልጉ፤ ሣር ለብሰው ገደል መስለው ይታያሉ፣ የውጩን ግቢ ከዋናው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ወደ ግንቡ ሂዱና የጡቡ ፊት የቀረበትንና የተነቀለበትን ጎን ለጎን አስተያዩ። ውስጡ አዲስ መወጣጫ ተሠርቶለታል፣ በእሱ ውጡ። ግድግዳው ላይ ግን አትንጠላጠሉ፤ አንድ ጡብ ከተፈታ ከኋላው ያለው ሙሌት ይከተለዋል።