የግቢ ዥዋዥዌ ያለ አደጋ እንዴት ይዛወራል?

(ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ማለዳ። ግቢ ውስጥ የቆመ የብረት ዥዋዥዌ።)

እንዴት አደራችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ግቢ ዥዋዥዌ ነው። ብየዳ ቤት ተሠርቶ የተተከለው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ጥለው የሚሮጡበት። ቤት ሲቀየር ወይም ግቢው ላይ አንድ ክፍል ሲጨመር ከቦታው መነሳቱ አይቀርም። ብዙ ሰው «አራት ጎረምሳ ጠርቶ ማንሳት ነው አቦ!» ይላል። ማንሳቱስ እውነትም አይከብድም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የት እንደሚቆምና መሬቱን በምን እንደሚይዝ።

ስለዚህ አሮጌውን ገና አትንኩት። ሜትር ያዙና አዲሱን ቦታ ለኩ።

(ምስል፦ ከላይኛው አግዳሚ ብረት እስከ መሬት የተዘረጋ ሜትር።)

የላይኛው አግዳሚ ከመሬት ስንት ሜትር ነው? በሁለት አባዙት። ከአግዳሚው ሥር ተነስታችሁ ወደ ፊት ያን ያህል፣ ወደ ኋላም ያን ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። በጎንና በጎን ደግሞ 1 ሜትር ከ80። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ለቤት ዥዋዥዌ የሚመክረው ይህንን ነው። አግዳሚው 2 ሜትር ከሆነ ከፊት 4፣ ከኋላ 4 ማለት ነው።

«ይሄ ሁሉ ቦታ ከየት ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የከዚራ አሮጌ ግቢዎች ሰፋ ይላሉ፤ ሁሉም ሰው ግን እንደዚያ ያለ ግቢ የለውም። ያኔ ርቀቱን አትቀንሱ፤ ዥዋዥዌውን አሳጥሩት። ከተነቀለ አይቀር እግሮቹን ብየዳ ቤት አስቆርጡ። አግዳሚው ወደ 1 ሜትር ተኩል ሲወርድ ከፊት 3፣ ከኋላ 3 ሜትር ይበቃል። ሰንሰለቱም በዚያው ልክ ያጥራል። ብየዳ ቤቱን በጠዋት ያዙት፤ ከቀትር በኋላ ድሬ ሱቋን ዘግታ ታርፋለች።

አሁን ቀና በሉ። ከፖል ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ሽቦ በላዩ ያልፋል? የልብስ ማስጫ ገመድስ? ጠርሙስ የተሰካበት አጥር ቅርብ ነው? ወደ ታችም እዩ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን ላይ ወይም የውሃ ቧንቧ በሚያልፍበት አትትከሉ። ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚሄድበትን መስመርም ተዉት።

ፀሐይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬ ላይ ጥላ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ፀሐይ የዋለበት ብረት ቆዳ ያቃጥላል። የትንሽ ልጅ ቆዳ ደግሞ ስስ ስለሆነ ከእኛ ቶሎ ይቃጠላል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሲያቃጥለው ፈጥኖ አይነሳም፣ እዚያው ተቀምጦ ያለቅሳል። ግቢያችሁ የኒም ዛፍ ካለው ጥላው በ9 እና በ10 ሰዓት የት እንደሚያርፍ አይታችሁ እዚያ ትከሉ። ደረቅ ቅርንጫፍ ካለ ቀድማችሁ ቁረጡት።

ከዥዋዥዌው ጋር የብረት ሸርተቴ ካለ አቅጣጫውም ይታሰብ። በሌላ አገር «ወደ ሰሜን አዙሩት» ይባላል። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ራሷ በሰሜን በኩል ናት። ወደ ምሥራቅ ማዞር ይሻላል፤ ልጆች ከሰዓት በኋላ ሲወጡ ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆናለች። እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ መዳፋችሁን አሳርፉበት። እናንተ ካልቻላችሁት ልጁ አይቀመጥበትም።

(ምስል፦ ጓንት፣ ዲጅኖ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ አጣና።)

ሥራው በማለዳ፣ ብረቱ ሳይግል ይጀመር። ከሁሉ አስቀድሞ ወንበሮቹን ከነሰንሰለታቸው አውርዱ። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትቆፍሩ። ሁለት እግሩ የላላ ዥዋዥዌ ላይ ልጅ ሮጦ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወንበር ከሌለ ግን አይቀመጥም። ሰንሰለቱም ሲወዛወዝ የሰው ፊት አይመታም። የዛገ ዳዶ እምቢ ካለ ዘይት ቀብታችሁ እስኪላላ ታገሡት።

ቀጥሎ አግዳሚውን ከሁለቱም ጫፍ በገመድ እሰሩና በግራና በቀኝ ሰው ይያዘው። ከዚያ አንድ በአንድ እግሮቹን ከነኮንክሪታቸው ቆፍራችሁ አውጡ። አንዳንዱ ለመገላገል እግሩን ከመሬት እኩል በፍሌክስ ቆርጦ ይሄዳል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! የቀረው የብረት ጫፍ በባዶ እግር ለሚሮጥ ልጅ ቢላዋ ነው። ጉድጓዱም በዚያው ቀን ይደፈን።

እግሮቹ እንደወጡ መሬት ገብቶ የነበረውን ክፍል እዩ። ብረት ይበልጥ የሚበላው እዚያ ነው። ካቻቪቴ ስትጫኑበት ከሰረገ ያ እግር አልቋል፤ ቀለም አያድነውም።

ለመሸከም እግሮቹን በአጣና አገናኝታችሁ እሰሩ፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ተዘርጥጠው ሚዛን ያስታሉ። አንድ ሰው ብቻ ያዝዝ። ከሰፈር ሰፈር፣ ለምሳሌ ከሳቢያን ወደ ገንደ ቆሬ የሚሄድ ከሆነ አይሱዙ ላይ ተኝቶ ይታሰር፤ እሱን ይዞ ከኋላ የሚጫን ሰው አይኑር።

(ምስል፦ አሸዋማ መሬት ላይ የተቆፈሩ አራት ጉድጓዶች።)

አሁን ዋናው ነገር። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሰንሰለቱ 60 ዲግሪ እስኪያዘነብል ቢወዛወዝ፣ በታች ሲያልፍ አግዳሚውን የሚጎትተው በ60 ኪሎ ያህል ነው። ልጁ ሲመላለስ ደግሞ ሰንሰለቱ አግዳሚውን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይስበዋል። ያልተያዘ እግር ከመሬት ብድግ ይላል። ብዙው የድሬ መሬት ደግሞ አሸዋማ ነው፤ ለሚወድቅ ልጅ መልካም፣ ለሚተከል እግር ግን መጥፎ ነው። እኔ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ቆፍሩ እላለሁ። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሙሉበት። ከመጠንከሩ በፊት አግዳሚውን በውሃ ልክ አስተካክሉ። የኮንክሪቱ አናት ወደ ላይ እንዳይወጣ፤ ከሚነጠፈው አሸዋ ሥር ይቀበር።

ሙቀቱ ሲሚንቶውን ያታልላል። ከላይ በአንድ ቀን የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልጠነከረም። እርጥብ ጆንያ አልብሱት፤ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። እስከዚያ ወንበሮቹ ቤት ውስጥ ይቆዩ፤ ልጆቹ ቢለምኑም።

ከሥር ሊሾ ወይም ድንጋይ ካለ ቦታው አይሆንም። አግዳሚው 1 ሜትር ተኩል ለሆነ ዥዋዥዌ 23 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ልል አሸዋ ያስፈልጋል። አሸዋ እየተረገጠ ይጠነክራልና በየጊዜው በአካፋ ገልብጡት፤ ስትገለብጡም የጠርሙስ ስባሪና ድንጋይ ልቀሙ።

ወንበሮቹን ስትመልሱ የሰንሰለቱ መንጠቆ በፒንሳ ይዘጋ፤ ሳንቲም እንኳ ማስገባት የለበትም። ክፍት መንጠቆ የሻሽ ወይም የነጠላ ጫፍ ይይዛል፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ደግሞ ያንቃል። ሴቶች ልጆች ከመውጣታቸው በፊት ሻሻቸው በደንብ ይታሰርላቸው።

(ምስል፦ ወንበሩ ላይ የታሰረ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሲወዛወዝ።)

ልጅ ከመቀመጡ በፊት 50 ኪሎ አሸዋ በጆንያ አስራችሁ አወዛውዙ። ጆንያውን ሳይሆን እግሮቹን ተመልከቱ። አንዱ እንኳ ከተነቃነቀ እንደገና ይቆፈር። ከሳምንት በኋላ ዳዶዎቹን ዳግም አጥብቁ፤ ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም ውሃው እግሮቹ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎት እንደሆነ እዩ።