ባለቤት ያጡ እጆች

(ምስል፦ ነጭ ዓምድ፤ ካሜራው ቀስ እያለ ይጠጋል)

እስቲ ይህን ዓምድ ልብ ብላችሁ እዩት። መሃሉ ላይ እጅ አለ፣ ከነጣቶቹ። ባለቤቱስ? የለም። ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ወደዚያ አለፍ ስትሉ ሌላ እጅ አለ። ያም ባለቤት የለውም።

ያለነው ሰሜን ጣሊያን፣ ራቬና ከተማ፣ ሳንት አፖሊናሬ ኑዎቮ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሥዕሉ ሞዛይክ ነው፣ በትናንሽ ጠጠሮች የተገጣጠመ፤ ቤተ መንግሥት ያሳያል። «ፓላቲዩም» የሚል ጽሑፍም አለበት።

ያሠራው ቴዎዶሪክ ነው፣ ጎቶች የሚባሉት የጀርመን ነገዶች ንጉሥ። እ.ኤ.አ. በ493 ተቀናቃኙን ኦዶአከርን ግብዣ ላይ ገድሎ ጣሊያንን እስከ 526 ገዛ። ክርስቲያን ነበር፤ ግን አርዮሳዊ። አርዮስን መቼም እኛ አገር የማያውቀው የለም። በ325 ኒቅያ ላይ ሠለስቱ ምዕት ያወገዙት ነው። ትምህርቱ ግን በውግዘት ብቻ አልጠፋም። ጎቶች ክርስትናን የተቀበሉት በዚህ ትምህርት በኩል ነበር።

(ምስል፦ የወርቅ ጠጠሮች በጣም ከቅርብ)

በ540 የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት የዩስቲኒያኖስ ጦር ራቬናን ያዘ። በ561 ገደማ የካቶሊኮቹ ጳጳስ አግኔሉስ ቤተ ክርስቲያኑን ከአርዮሳውያን ተረከበና ጽዳት ጀመረ። ጽዳት ስል በመጥረጊያ አይደለም። ሞዛይክ እንደ ቀለም በላዩ ቀብተው አያልፉትም። ወርቁ ስስ ቅጠል ሆኖ በሁለት መስታወት መሃል የታሸገ ነው፤ እያንዳንዷ ጠጠር ኖራው ውስጥ ተቀብራለች። ስለዚህ ቅስቶቹ ሥር የቆሙት ሰዎች፣ የንጉሡ ባለሟሎች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጠጠር በጠጠር ተነቀሉ። በምትካቸው መጋረጃ ተሠራ።

እጆቹስ ለምን ቀሩ? ሠራተኛውን አስቡት። እጁን ከነቀለ ዓምዱም ይበላሻል፤ ዓምዱን እንደገና ሊሠራ ነው። ማን ቀና ብሎ ያያል ብሎ የተወው ይመስለኛል። ይኸው እኛ እያየን ነው።

ከመጋረጃው ቀጥሎ 26 ሰማዕታት ተሰልፈዋል። ከፊት የሚመራቸው ቅዱስ ማርቲን ነው፤ አርዮሳውያንን በመቃወም የታወቀ። ተረኛው ማን እንደሆነ ለመናገር ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል?

(ምስል፦ የጥምቀት ቤት ጣሪያ)

አሁን ትንሽ በእግር እንሂድ። ይህ የአርዮሳውያን ጥምቀት ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ክርስቶስ ይጠመቃል። አጠገቡ የተቀመጠውን ሽማግሌ ግን እዩልኝ። ራሱ ላይ የሸርጣን መቆንጠጫ በቅሎበታል፤ እጁ ላይ ሸምበቆ ይዟል። ዮርዳኖስ ነው፣ ወንዙ ራሱ! ግሪኮችና ሮማውያን ወንዞቻቸውን አማልክት አድርገው ሲሥሉ እንዲህ ነበር የሚሥሏቸው።

የካቶሊኮቹም ጥምቀት ቤት እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። እዚያም ዮርዳኖስ በሰው አምሳል ከውኃው ብቅ ብሏል። አንዱ ክርስቲያን የሌላውን ሥዕል ሲነቅል፣ የጣዖት ዘመኑን ሽማግሌ ማንም አልነካውም።