እሱ የጫነውን ካርቶን እኔ ሳወርድ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ድምፄ ትንሽ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ሱቅ ሥራ ነው የማወራው፣ ስለ ደሞዙ። እንግሊዝ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ልብስ ቤት ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዛ ታናሽ ወንድሜ መጣና እዛው ኩባንያ ገባ፣ እሱ ግን ዌርሃውስ ነው የገባው፣ መጋዘኑ ጋ። የመጀመሪያ ወር ደሞዙን ሲቀበል ኩሽና ተቀምጠን ፔይስሊፓችንን ጎን ለጎን አየነው፣ የሱ በሰዓት ከኔ ይበልጣል። ገና ሁለተኛ ወሩ ነው እኮ! እኔ አራተኛ ዓመቴ።

እና ምን አልኩ መሰላችሁ? «ይገባዋል» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ወገቡን አሞት ነው የሚመጣው፣ ዕቃ ሲያነሳ ነው የሚውለው፣ እኔማ ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ሙዚቃ አለ፣ ፈገግ እላለሁ፣ አለቀ። ያን ቀን እንዲያውም ራት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ደክሞታል ብዬ፣ እኔ ራሴ ከሺፍት ተመልሼ ማለት ነው።

ይሄንን ነገር እንደገና እንዳስብ ያደረገኝ ኔክስት የሚባለው የእንግሊዝ የልብስ መደብር ጉዳይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ በ2024 ነሐሴ አካባቢ የሥራ ጉዳዮች ትሪቡናል፣ ማለትም የሠራተኛና የአሠሪን ክርክር የሚያየው ችሎት፣ ከ3,500 በላይ ለሚሆኑ የአሁንና የቀድሞ የሱቅ ሠራተኞች ፈረደላቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ክሱ ምንድነው፣ የሱቅ ሠራተኛ መሠረታዊ ደሞዝ ለምን ከመጋዘን ሠራተኛው ያንሳል ነው። ኩባንያው ምን አለ፣ ገበያው ነው አለ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ገበያ ላይ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ የሱቅ ሠራተኛ በዚህ ዋጋ ይገኛል፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔ እዛ ዳኛ ብሆን በዚች መልስ እረታ ነበር፣ ኩሽና ውስጥ የተረታሁትም በሷው ነዋ።

ትሪቡናሉ ግን አልተረታም። ደግሞ የሚገርመው ማንም ሆን ብሎ ሴቶችን ልጉዳ ብሎ ተነስቷል አላለም። ሱቁ ውስጥ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፣ መጋዘኑ ውስጥ ወንዶች በዛ ይላሉ፣ ስለዚህ ለሱቁ አሳንሶ መክፈል ጫናው ሴቶቹ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እና ወጪ ለመቀነስ ትርፍ ለመጨመር ብቻ ከሆነ ያ በቂ ምክንያት አይሆንም ነው ያለው፣ በኔ አማርኛ ስነግራችሁ። «በርካሽ ስለምትገኚ ነው» የሚለው መልስ ዝም ብሎ አያልፍም ማለት ነው። ለምን በርካሽ ተገኘሁ? እሱን ማን ጠይቆ ያውቃል?

ቆይ ወደ ኋላ ልመለስ። ይሄ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። በ1968 ዳገንሃም የፎርድ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ሥራ አቆሙ፣ ሥራችሁ ሙያ የሌለው ነው ተብለው ዝቅ ያለ እርከን ላይ ተመድበው ነበር። ከዛ በ1970 የእኩል ክፍያ ሕጉ ወጣ፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1975 መጨረሻ ነው፣ አሠሪዎች ይዘጋጁ ተብሎ አምስት ዓመት ተሰጣቸው። አምስት ዓመት! ሴቶቹ ራሳቸው የሙያ እርከኑን ያገኙት ደግሞ በ1984 ነው፣ ሌላ አድማ አድርገው።

እና እኔ ከሁሉም የምወዳት ጁሊ ሄይዋርድን ነው፣ በርከንሄድ የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበረች። የኔ ሥራ ከቀለም ቀቢው፣ ከአናጢው ጋር እኩል ዋጋ አለው ብላ ከሰሰች። ሰው ሳይስቅባት አይቀርም፣ ወጥ ከመርከብ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ። በ1988 እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ሄዳ አሸነፈች። ዋናው ሐሳብ እዛ ላይ ነው፣ ሥራው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፣ የሚጠይቀው ጉልበት፣ ሙያ፣ ኃላፊነት ተመዝኖ እኩል ከሆነ በቃ።

ሲመዘን ግን ዓመታት ይፈጃል። አስዳ የሚባለው የሱፐርማርኬት ኩባንያ የሱቅ ሠራተኞች ክሱን በ2014 ነው የጀመሩት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2021 ሲፈርድላቸው ሰው ሁሉ አሸነፉ ብሎ ጨፈረ፣ ያሸነፉት ግን ራሳቸውን ከመጋዘን ሠራተኛ ጋር ማወዳደር ይችላሉ የሚለውን ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ለማወዳደር ፈቃድ! ከዛ ሥራ በሥራ መመዘኑ መጣ፣ በ2025 መጀመሪያ አብዛኞቹ ለናሙና የቀረቡት የሱቅ ሥራዎች እኩል ዋጋ አላቸው ተባለ፣ ከዛም ቢሆን ኩባንያው ልዩነቱ የመጣው ከፆታ ውጪ በሆነ ምክንያት ነው ብሎ የሚከራከርበት ሦስተኛ ዙር አለ።

ይሄ መመዘን የሚሉት ነገር ነው እኔን የያዘኝ። ምክንያቱም ቁጭ ብዬ የራሴን ቀን ቆጠርኩ። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ዴሊቨሪ ይመጣል፣ ካርቶን እናወርዳለን፣ ከጓሮ ወደ ላይኛው ፎቅ እንሸከማለን። የማን ካርቶን ነው? የወንድሜ! እሱ እዛ የጫነውን እኔ እዚህ ነው የማወርደው። ክብደቱ መንገድ ላይ አልቀነሰም እኮ። እና እሱ ከጫነ በኋላ ቀኑ እንደዛው ይቀጥላል፣ እኔ ግን ካወረድኩ በኋላ ነው የምጀምረው፣ ቲል ላይ፣ ሒሳብ መቀበያው ጋ፣ መቆም፣ ሪሲት ሳይዝ መልሱልኝ ብሎ የሚጮህ ሰው፣ ሰርቆ ሊወጣ ያለውን አይቼ እንዳላየሁ መጠጋት፣ ልብስ መሞከሪያው ውስጥ የምታለቅስ ሴትዮ (አንዴ ከሰዓት ሙሉ አዳምጫለሁ)፣ ማታ ሒሳቡ ሲጎድል መልስ መስጠት። ይሄ ሁሉ ለኔ «ፈገግታ» ነበር። አንድም ቀን ሥራ ብዬ አልጠራሁትም።

የኔ ጊዜ አልፏል፣ ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ልትጠይቁኝ ስለሆነ። ሥራ ከለቀቁ በኋላ ትሪቡናል ለመሄድ ስድስት ወር ነው፣ በመደበኛ ፍርድ ቤት ደግሞ ስድስት ዓመት፣ እኔ የለቀቅኩት በ2016 ነው። አሁንም ሱቅ የምትሠሩ ካላችሁ ግን ፔይስሊፓችሁን አትጣሉ፣ ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ካላችሁ ጠይቁ፣ እና የምትወዳደሩት ከራሳችሁ አሠሪ ሠራተኛ ጋር መሆን አለበት፣ ከጎረቤት ኩባንያ ጋር አይሆንም።

ባለፈው እሁድ ለወንድሜ ደወልኩለት፣ እሱ አሁንም መጋዘን ነው፣ ሌላ ቦታ። ሁሉንም ነገርኩት፣ መጀመሪያ ሳቀ፣ ገንዘቡን ከኔ ልትቀበዪ ነው እንዴ አለኝ። ከዛ ዝም አለ። ከዛ ምን አለኝ፣ «እነዛ የክረምት ካፖርት ካርቶኖች ግን ከባድ ነበሩ አይደል?»

ከባድ ነበሩ አልኩት።