ቀዳዳው አይደለም፣ አሳሳቡ ነው፦ የማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ከሲንሲናቲና ከክሊቭላንድ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ፣ ጥሪያችንን ያከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ! እንኳን ወደ ኦሃዮዋ ኮሎምበስ በደህና መጣችሁ።

የመክፈቻ ንግግር እንደ ልማዱ ሰላምታ፣ ምስጋናና ዘለግ ያለ ምክር ነው። ምክሩን ዘንድሮ እንተወው። «ድር ቢያብር» የሚለውንም ተረት ከዚህ መድረክ በየዓመቱ ስለሰማችሁት እዘለዋለሁ። የዘንድሮው ርዕሳችን ስለ ክር ስለሆነ ግን ፈተናው ከብዶኝ እንደነበር እወቁልኝ።

አዎ፣ የምንነጋገረው የቀለጠ መስታወትን ስቦ ቀጭን ክር ስለማውጣት ነው። ርዕሱ ሲመረጥ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ያላችሁ ነበራችሁ። ከቅርብ ነው የመጣው። ከዚህ አዳራሽ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሄዳችሁ ኒውዋርክ ትደርሳላችሁ። የፋይበርግላስ ኢንዱስትሪ ከተወለደባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ወደ ሰሜን ደግሞ ቶሊዶ አለች፤ አገሬው ራሱ «የመስታወት ከተማ» ይላታል። ከመካከላችን በዚህ ሙያ እንጀራውን የሚበላ ሞልቷል። ቤታችሁም ቢሆን ይህን ዕቃ ያውቀዋል። በዚህ ክረምት ሙቀቱን ይዞ ያቆየላችሁ ጣሪያችሁ ሥር የተነጠፈው ሮዝ ወይም ቢጫ ሱፍ የመስታወት ክር ነው።

ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ አደራ እንዳታምታቱ።

የጋለ መስታወት እንደሚሳብ የሰው ልጅ ካወቀ ቆይቷል። ችግሩ ስቦ መጨረሻ ማድረስ ነበር። በ1887 ቻርልስ ቨርነን ቦይስ የተባለ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሰው ለንደን ውስጥ አንድ ጉድ ሠራ። ኳርትዝ አቀለጠና ከቀስት ጭራ ጋር አያያዘው፤ ቀስቱንም ከማስፈንጠሪያው ለቀቀው። ቀስቱ ሲከንፍ የቀለጠውን ኳርትዝ ይዞት ሄደ። ርዝመቱ 27 ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ከ3 ማይክሮን ያነሰ ክር ወጣ፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን መሆኑን አስቡ። ቦይስ እንዲህ ያሉ ክሮችን ይዞ ኋላ የመሬት ስበትን ቋሚ ቁጥር ለካበት። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ቆንጆ የላቦራቶሪ ዘዴ አላውቅም።

በ1893 የቶሊዶው የሊቢ ኩባንያ ቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ከመስታወት ክርና ከሐር የተሸመነ ቀሚስ አሳየ። ክሩን የሚያወጡት የመስታወት ዘንግ ጫፍ አግለው፣ የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር ላይ እየጠመጠሙ ነበር። ቀሚሱን ሕዝብ አጀበው እንጂ ለልብስነት የሚሆን አልነበረም።

ነገሩ ኢንዱስትሪ የሆነው ከዚያ ወደ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። በ1932 ዴል ክላይስት የተባለ የኦወንስ ኢሊኖይ መስታወት ኩባንያ ወጣት ተመራማሪ የመስታወት ጡቦችን በቀለጠ መስታወት ሊያጣብቅ ይሞክር ነበር። የታመቀ አየር የቀለጠውን መስታወት መታውና ደቃቅ ክር አድርጎ በተነው። የፈለገው ይህን አልነበረም። ከኩባንያው መሐንዲስ ከጌምስ ስሌይተር ጋር የሚሠራ ስለነበር ግን «ተበላሸ» ተብሎ አልተጣለም። በአየር ፋንታ እንፋሎት ተሞከረ፤ ሱፉ ጥሩ ሆኖ ወጣ። በ1938 ኦወንስ ኢሊኖይና ሌላው የመስታወት ኩባንያ ኮርኒንግ በጋራ ኦወንስ ኮርኒንግ ፋይበርግላስን አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ እንለይ። በአየር ወይም በእንፋሎት የሚነፋው፣ ዛሬ ደግሞ በአብዛኛው በሚሽከረከር ጎድጓዳ ዲስክ ቀዳዳዎች እየተፈናጠረ የሚወጣው አጭር ክር ነው። እሱ ሱፍ ይሆናል፣ ጣሪያ ሥር ይገባል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልሄድም። ሌላው ሳይቋረጥ የሚሳበው ረጅም ክር ነው። ጀልባ፣ የነፋስ ተርባይን ክንፍ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የኮምፒዩተር ቦርድ የሚሆነው እሱ ነው። የዛሬ ጉዳያችን እሱ ነው።

አሸዋ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ሸክላነት ያለው አፈርና የቦሮን ማዕድን ተደባልቀው ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እቶን ይቀልጣሉ። ድሮ የቀለጠውን መጀመሪያ ብይ ብይ አድርገው አቀዝቅዘው፣ እንደገና ያቀልጡት ነበር። ዛሬ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች መሃል ላይ ያለውን ሥራ ትተውታል። ቅላጩ ከእቶኑ በቦይ ቀጥ ብሎ ይመጣና ቡሺንግ ላይ ይደርሳል።

ቡሺንግ የፋብሪካው ልብ ነው፣ ቡሺንጉን የማያውቅ ፋብሪካውን አያውቅም። ከፕላቲነምና ከሮዲየም ቅይጥ የተሠራ ሳጥን ነው። ታቹ ላይ በመቶዎች፣ በትልልቆቹ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ አጫጭር ቱቦ ያላቸው ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ፕላቲነም የተመረጠው ለጌጥ አይደለም። የቀለጠ መስታወት ብዙውን ብረትና ሸክላ ይበላል፣ ፕላቲነምን ግን አይደፍርም። ሮዲየሙ ጥንካሬ ይጨምርለታል። ኤሌክትሪክ በራሱ በሳጥኑ ገላ ውስጥ ያልፋል፤ ማሞቂያው እሱ ነው። ሙቀቱ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሲቆይ፣ ከጊዜ ብዛት ታቹ ይረግባል። ያን ጊዜ ይወርድና ቀልጦ እንደ አዲስ ይሠራል። ቅይጡ ውድ ነውና ፋብሪካው መሬት ላይ የወደቀውን ፍርፋሪውን ሳይቀር በግራም ይቆጥረዋል።

አሁን ለዚህ ንግግር ርዕስ ወደሰጠኝ ነገር ልምጣ። ጎብኚ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ይህን ያህል ቀጭን ቀዳዳ እንዴት ቀደዳችሁት?» አልቀደድነውም። ቀዳዳው አንድ ተኩል ሚሊሜትር ያህል ነው። ክሩ 10 ማይክሮን ነው እንበል። ቀዳዳው ክሩን በውፍረት 150 ጊዜ ይበልጠዋል። በስፋት ስታሰሉት 22,500 ጊዜ። ታች ያለው መጠምጠሚያ ክሩን በሰከንድ 20 ሜትር ይስበዋል፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ግን ያው መስታወት በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ከዚያ ዝግታ ወደዚህ ፍጥነት የሚሸጋገረው፣ የሚቀጥነውም የሚደርቀውም፣ ከቀዳዳው ሥር በአንድ ሁለት ሳንቲሜትር ውስጥ ነው።

እናቶቻችን እንዝርት ይዘው ሲፈትሉ አይታችኋል። ባዘቶው አንድ ነው። ፈትሉን የሚያቀጥነው ወይም የሚያወፍረው የምትስበው እጅ ነው። ቡሺንግ ሥርም ይኸው ነው። ቀዳዳውና ሙቀቱ የሚወስኑት በደቂቃ ስንት መስታወት እንደሚወርድ ነው። ውፍረቱን የሚጨርሰው አሳሳቡ ነው። ካላመናችሁ መጠምጠሚያውን ተመልከቱ። ጥቅሉ እየወፈረ ሲሄድ ዙሪያው ይሰፋል። መጠምጠሚያው በዚያው ዙር ከቀጠለ ክሩን ከመጀመሪያው በበለጠ ፍጥነት ይስባል፣ ክሩም ይቀጥናል። ስለዚህ ማሽኑ ጥቅሉ በወፈረ ቁጥር ዙሩን ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ይደረጋል። ይህን ያላስተካከለ ፋብሪካ የጥቅሉ ውስጥና ውጭ ሁለት ዓይነት ዕቃ ሆኖበት ቁጭ ይላል።

ሙቀቱም ቢሆን ቀልድ አያውቅም። ከቀዳዳዎቹ ረድፍ መሃል መሃል ሙቀት የሚቀበሉ ስስ የብረት ዝርግ ሳህኖች ይገባሉ። ክሩ ወዲያው እንዲደርቅ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አንዱ ትንሽ ከተዛነፈ አጠገቡ ያሉት ክሮች ውፍረት ይለዋወጣል። ሰው በር ከፍቶ ድንገት ነፋስ ቢያስገባም ያው ነው።

አሁን አንዱ ክር ተበጠሰ እንበል። ያልቀለጠ የአሸዋ ቅንጣት ሊሆን ይችላል፣ የአየር አረፋም፣ ወይም መስታወቱ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ የሠራው ክሪስታል። ቀዳዳው አፍ ላይ ጠብታ ያብጣል። ይከብዳል፣ ጭራውን እየጎተተ ይወድቃል። ሲወድቅ የጎረቤቱን ክር ይመታል፣ ጎረቤቱም የጎረቤቱን። ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ የቡሺንጉ ክር ሁሉ ይፈርሳል። ኦፕሬተሩ ጠብታዎቹ ወርደው እስኪያልቁ ይጠብቃል። ክሮቹን በእጁ ሰብስቦ ወደታች ይስባቸዋል፤ በማርጠቢያው ሮለር ላይ ያሳልፋቸዋል፤ ከዚያ መጠምጠሚያው ዳር ላይ ያስይዛቸዋል። ፍጥነቱ ሲስተካከል ወደ ጥቅሉ ያሻግራቸዋል። እስከዚያ የወረደው መስታወት ሁሉ ቆሻሻ ነው። እኔም በወጣትነቴ እዚያ ሥር ቆሜ ሠርቻለሁ። ቆሞ ያላየ ሰው ያ እጅ ስንት ብር እንደሚያድን አይገባውም።

ማርጠቢያው ራሱ አንድ ቃል ይገባዋል። በ1920 ግሪፊዝ የተባለ መሐንዲስ እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ውስጥ የመስታወት ክር እየሳበ በጠሰ። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ጥንካሬው ጨመረ፤ 3 ማይክሮን ገደማ ላይ ከወፍራሙ 20 እጥፍ ያህል ደረሰ። ምክንያቱ ገላው ላይ ያለው በዓይን የማይታይ ጭረት ነው። ቀጭኑ ላይ ትልቅ ጭረት የመገኘት ዕድሉ ያንሳል። ስለዚህ አዲስ የተሳበ ክር ከሌላ ክር ጋር እንኳን መፋተግ የለበትም። ሳይዚንግ የምንለው ፈሳሽ ከቡሺንጉ ሥር ወዲያውኑ የሚቀባው ለዚህ ነው። ከክሩ ክብደት 1 በመቶ አካባቢ ብትሆን ነው። ክሩን ትጠብቃለች፤ በኋላም ጀልባው ወይም ቧንቧው ሲሠራ ከሚጨመርበት ሙጫ ጋር እንዲያያዝ ታደርጋለች። ቅመማዋ የእያንዳንዱ ኩባንያ ምስጢር ነው። እባካችሁ ከሰዓት በኋላ በሻይ ሰዓት የቀጣሪያችሁን ቅመማ እንዳታወሩ። የቅጥር ውላችሁ ላይ የፈረማችሁት ጉዳይ ነው።

ፋይበር ኦፕቲክ ላይ ለሚሠሩት ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ቅር እንዳይላቸው። ቻርልስ ካኦ በ1966 ንጹሕ መስታወት ብርሃንን ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል አሳየ፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። በ1970 የኮርኒንግ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ማውረር፣ ኬክና ሹልትዝ፣ በተግባር አሳዩት። እዚያ ቡሺንግ የለም። ረጅም ማማ ጫፍ ላይ ወፍራም የመስታወት ግንድ ይንጠለጠላል፤ ታችኛው ጫፉ 2,000 ዲግሪ አካባቢ ባለው ምድጃ ይለሰልሳል፣ ከታች ይሳባል። የሚፈለገው ውፍረት 125 ማይክሮን ነው። ሌዘር ሳያቋርጥ ይለካል። ክሩ ከወፈረ መሳቢያው ይፈጥናል፣ ከቀጠነ ይዘገያል። እዚህም አሳሳቡ ነው! ዲያሜትሩ 10 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ግንድ ሲሳብ 640 ኪሎ ሜትር ክር ይወጣዋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ድሬዳዋ ደርሶ ይተርፋል። ለእማማ ስትደውሉ ድምፃችሁ የሚያልፈው እንዲህ ባለ ክር ውስጥ ነው።

ወደ ፕሮግራሙ ልግባ። እኔ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ክር ሲበጠስ ሪፖርት የሚጻፈው ቢሮ ውስጥ ነበር። የጻፈው ሰው ክሩን በእጁ የያዘውን ኦፕሬተር አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ያው ብልሽት በየወሩ ይመለሳል፣ ያው ሪፖርት በየወሩ ይጻፋል። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ። ስለዚህ የዘንድሮውን ቅደም ተከተል ለወጥነው። ጠዋት መድረኩ የሺፍት ኦፕሬተሮች ነው። መጀመሪያ እነሱ ይናገራሉ፣ ከዚያ ኢንጂነሮች፣ ዶክተሮቻችን ደግሞ ከምሳ በኋላ። አንዳንድ ዶክተሮች ቅር እንዳላቸው ሰምቻለሁ። ጋሽዬዎቼ፣ ምሳው ጥሩ ነው፣ ታገሱን።

ለአዲስ ገቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቆዳችሁን የሚበላችሁ ነገር መርዝ አይደለም፣ የተሰባበረ ክር ነው። አትከኩት፣ ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በውሃ እጠቡት። የሥራ ልብሳችሁን ከልጆቻችሁ ልብስ ጋር አንድ ላይ አትጠቡ፤ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ያልሰማ ሰው በሁለተኛው ከባለቤቱ ይሰማዋል። በአየር ያለውን ብናኝ በተመለከተ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ረጅሙን ክርም የጣሪያውን ሱፍም ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ለመፈረጅ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ቢሆንም ሳል የሚያመጣ ብናኝ ባለበት ማስክ ማድረግ ነው።

ከቡና በኋላ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ የጋዝ ማቃጠያና ተራ የመስታወት ዘንጎች ተዘጋጅተዋል። ዘንጉን መሃሉ ላይ አግላችሁ ሁለት እጃችሁን ትለያያላችሁ። አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ ፈጠን ብላችሁ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። መነጽር ያላደረገ ወደ ጠረጴዛው አይጠጋ። ልጆች ከቢጫው መስመር ወዲህ ይቁሙ። የተሳበውን ክር ደግሞ ማንም በባዶ እጁ እንዳያነሳ፣ ሣጥን ተቀምጦለታል።

ጉባኤው ተከፍቷል። የሌሊት ሺፍት ጨርሳችሁ ሳትተኙ የመጣችሁት ሁለታችሁ፣ መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ናችሁና ወደፊት ኑ።