የጺም ብሩሽ የሚበላሸው ከሥሩ ነው

አቅራቢ 1፦ እንደምን ከረማችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን አጭር ነው። ጺም ከተላጨን በኋላ የሳሙናውን አረፋ ፊታችን ላይ የቀባንበትን ብሩሽ እንዴት እናድርቀው? የትስ እናስቀምጠው? አቁመን ነው ሰቅለን?

አቅራቢ 2፦ እኔ ከወዲሁ አቋሜን ልናገር፤ ይሰቀል። ጸጉሩ ወደ ታች፣ እጀታው ወደ ላይ።

አቅራቢ 1፦ ቆይ ወንድሜ፣ እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ብሩሹ ከምን እንደተሠራ እንይ፤ የሚደርቅበትን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። የአሳማ ጸጉር አለ፣ ባጀር የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ጸጉር አለ፣ የፈረስ አለ፣ ሰው ሠራሽም አለ። ሰው ሠራሹ ውሃ አይጠጣም፤ ውሃው የሚቀመጠው በክሮቹ መሃል ብቻ ስለሆነ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። የአሳማው ግን ይጠጣል። ደረቁን ስትነካው ይወጋሃል፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አራት አምስት ደቂቃ ስታቆየው ይለሰልሳል። ለምን? ውሃው ጸጉሩ ውስጥ ስለገባ ነው። የገባው ደግሞ ተመልሶ መውጣት አለበት።

አቅራቢ 2፦ ባጀሩስ?

አቅራቢ 1፦ ባጀር ችግሩ ጥቅጥቅ ማለቱ ነው። ጫፉ ቶሎ ይደርቅና ያታልልሃል። መሃሉ ግን ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እርጥብ ነው።

አቅራቢ 2፦ የፈረሱን ዘለልከው።

አቅራቢ 1፦ አልዘለልኩትም! የፈረስ ጸጉር ከተነሳ ግን አባ ሰንጋን ሳላነሳ አላልፍም።

አቅራቢ 2፦ የከብቱ በሽታ?

አቅራቢ 1፦ አዎ፣ እሱው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዲስ የጺም ብሩሽ ገዝተው የተላጩ ሰዎች አባ ሰንጋ ያዛቸው። ከአሜሪካ ወታደሮች ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው፤ በእንግሊዝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በፊት ጥሩ የሚባለው የባጀር ጸጉር ከሩሲያ ይመጣና በጀርመንና በፈረንሳይ ከጀርም ጸድቶ ነበር ወደ ብሩሽ ሠሪው የሚሄደው። ጦርነቱ ያንን መንገድ ዘጋው። ሠሪዎቹ ባጀር እንዲመስል የተዘጋጀ የፈረስ ጸጉር ከእስያ ማስመጣት ጀመሩ፤ ከዚያ ውስጥ በቅጡ ሳይጸዳ ያለፈ ነበር።

አቅራቢ 2፦ መላጨቱ ደግሞ ቆዳን ይከፍታል።

አቅራቢ 1፦ በትክክል! ምላጩ ትንሽ ይቧጭራል፣ ብሩሹ እላዩ ላይ ይሽከረከራል። ወታደሩ ደግሞ የጋዝ መከላከያ ጭንብሉ ፊቱ ላይ እንዲገጥም ጺሙን መላጨት ግድ ነበረበት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓን የሚመጣ የጺም ብሩሽ ወደ አገር እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሳለች። እስቲ አስበው፣ ለአንዲት ብሩሽ!

አቅራቢ 2፦ ታዲያ ከማድረቁ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አቅራቢ 1፦ ያገናኘዋል። የአባ ሰንጋው ጀርም ስፖር ይሠራል፤ ስፖር ማለት ጀርሙ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይበት መልኩ ነው፤ ስፖሩ ደርቆም ለብዙ ዓመት አይሞትም። ስለዚህ ማድረቅ ለእሱ መድኃኒት አይደለም፤ እሱ የሚያልቀው ብሩሹ ከመሠራቱ በፊት ጸጉሩ በደንብ ሲጸዳ ነው። በየቤቱ የምናደርቀው ለሌላ ነገር ነው፤ ለሻጋታ፣ ለሽታ፣ ለጸጉሩ መሰባበር። አንዳንድ ሰው ሁለቱን ያምታታና ጀርም ልግደል ብሎ ብሩሹን የፈላ ውሃ ውስጥ ይከተዋል።

አቅራቢ 2፦ ይህን እንኳ አደራ፣ እንዳታደርጉት።

አቅራቢ 1፦ አደራ! ጸጉሩ ይጎዳል፣ ሙጫው ይለቃል። እጅህን ነክረህ ሳትቸገር የምታቆይበት ሙቀት፣ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ከበቂ በላይ ነው።

አቅራቢ 2፦ እሺ፣ አሁን ወደ መስቀሉ እንመለስ።

አቅራቢ 1፦ ሥሩን ሳላሳይህ አልመለስም። የእጀታው አናት ላይ ጉድጓድ አለ። ጸጉሩ ታስሮ ሥሩ በሙጫ ይያያዝና እዚያ ውስጥ ይለጠፋል። የእስሩ ወርድ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእጀታው በላይ የሚታየው ጸጉር 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ። አሁን በሁለት አውራ ጣትህ ጸጉሩን ከመሃል ለሁለት ክፈለው፣ ልክ ማሳ ውስጥ ገብተህ እህሉን ወዲህና ወዲያ እንደምትገፋው። ታች ድረስ እይ። ብሩሹ በደንብ ያልታጠበ ከሆነ ሥሩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ያ ሳሙና ነው።

አቅራቢ 2፦ የውሃው ካልሲየም ከሳሙናው ጋር ተዋህዶ የሚሠራው።

አቅራቢ 1፦ እሱ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ተራ ውሃ አያሟሟውም። ያ ግግር እርጥበት ይይዛል፣ ጸጉሩን እርስ በርሱ ያጣብቃል። የተጣበቀው ጸጉር መተጣጠፍ ሲገባው ይሰበራል። ብሩሹ መሃሉ ላይ ጸጉር አልቆበት ጉድጓድ ሲያወጣ አይተህ የለ? ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ተደርቦበት ነው፤ ፊት ላይ ተጭኖ መፈተግና ሥሩ እርጥብ ሆኖ መክረሙ። ብሩሽ የሚበላሸው ከሥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አቅራቢ 2፦ ጥሩ፣ ታዲያ አጠባጠቡን ንገረን።

አቅራቢ 1፦ ጸጉሩን ወደ ታች አድርገህ ለብ ያለ ውሃ ስር ያዘው። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሞልተህ እዚያ ውስጥ ቀስ አድርገህ ጨመቅ ለቀቅ ታደርገዋለህ። ውሃው ወተት ይመስላል። ድፋው፣ ቀይረው። ጥርት ብሎ እስኪወጣ ሦስት አራት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው! አረፋው ከላይ ሲጠፋ የጨረሰ ይመስለዋል፤ ሥሩ ላይ ያለው ግን ገና ነው።

አቅራቢ 2፦ ከዚያ መጭመቅ።

አቅራቢ 1፦ መዳፍህ ውስጥ አድርገህ ከሥሩ ወደ ጫፉ መጭመቅ። እንደ ልብስ አትጠምዝዘው፤ የጠመዘዝከው ጸጉር ሥሩ ላይ ይቆረጣል ወይም ይነቀላል። ቀጥሎ ማራገፍ ነው፤ እጀታውን ጠበቅ አድርገህ ይዘህ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ጠንከር አድርገህ ታራግፈዋለህ። ሲጨርስ ደረቅ ፎጣ ላይ ወዲህና ወዲያ ታብሰዋለህ፣ ጸጉሩን በጣትህ ፈታ ፈታ ታደርገዋለህ። በጫፉ ተጣብቆ ቀለም የነካ ብሩሽ መስሎ ከተቀመጠ አየር በየት ይግባ?

አቅራቢ 2፦ አሁንስ ደረስን? ይሰቀል ነው የምለው። ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ካቆምከው ቁልቁል ወርዶ ሥሩ ላይ ይተኛል። አንተው ራስህ ሥሩ ሥሩ ትለኛለህ!

አቅራቢ 1፦ ካራገፍከው በኋላ ጠብታ ይወርዳል?

አቅራቢ 2፦ አይወርድም።

አቅራቢ 1፦ ካልወረደ ቁልቁለቱ ምን ሠራ? የቀረው ውሃ በጸጉሮቹ መሃል ተጣብቆ የቀረ ነው። የፎጣ ጫፍ ውሃ ውስጥ ስትነክር ውሃው ወደ ላይ ይወጣ የለ? ብሩሹም ውስጥ እንደዚያው ነው። ጫፉ ሲደርቅ ከታች ያለው ወደ ጫፉ ይሳባል፣ ከዚያ በአየር ይሄዳል። ቆሞም ተሰቅሎም ያው ነው፤ የሚያደርቀው አየር ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ይሞክረው። ደረቁን ይመዝን፣ አራግፎ ይመዝን፣ ከዚያ አንድ ቀን ሰቅሎ፣ አንድ ቀን አቁሞ በየሰዓቱ ያወዳድር።

አቅራቢ 2፦ ሁሉም ሰው ግን አንተ እንደምትለው አያራግፍም። እያንጠባጠበ ትቶት ወደ ሥራ የሚሮጥ አለ። ለዚያ ሰው መስቀል አይሻልም?

አቅራቢ 1፦ ለዚያ ሰው... አዎ፣ ይሻላል።

አቅራቢ 2፦ አየህ!

አቅራቢ 1፦ እጀታው እንጨት ወይም ቀንድ ከሆነም እሺ ልበልህ። እያንጠባጠበ ከቆመ ውሃው እጀታውና ጸጉሩ የሚገናኙበት ላይ ይቋጠራል፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በደንብ ለተራገፈ ብሩሽ ግን አቋሜ ያው ነው፤ ቢቆምም ቢሰቀልም ለውጥ የለውም። የትም ይሁን፣ አየር ይኑር! ገላ የምትታጠብበት ክፍል በእንፋሎት ከታፈነ አውጥተህ ሌላ ክፍል አስቀምጠው። የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አይሆንም፤ የሻጋታ ሽታ እዚያ ነው የሚጀምረው።

አቅራቢ 2፦ የጸጉር ማድረቂያ ማሽንስ? ፀሐይስ?

አቅራቢ 1፦ ማሽኑ ቀዝቃዛ አየር ላይ ከሆነ ግድ የለም፣ ትኩሱን አልወድም። የጠራራ ፀሐይም ጸጉሩን ያደርቀውና ተሰባሪ ያደርገዋል። ጥላና ነፋስ ይበቃዋል።

አቅራቢ 2፦ መድረቁን በምን ልወቅ?

አቅራቢ 1፦ ጫፉን አትመን። አሁንም ሥሩ! ጸጉሩን ከፍለህ መሃሉን ከከንፈርህ በላይ ባለው ቆዳ ንካው፤ ቀዝቀዝ ካለህ ውሃ አለ። በየቀኑ የምትላጭ ከሆነና ባጀር ከያዝክ ሁለት ብሩሽ ማፈራረቅ ነው መፍትሔው።

አቅራቢ 2፦ ቀድሞ የተጋገረበትስ?

አቅራቢ 1፦ ለግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ። ጸጉሩን ብቻ፣ እጀታው ሳይነካ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ። በጣትህ ሥሩን እያሸህ፣ ከዚያ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ ብዙ ውሃ። ውሃችሁ ካልሲየም ከበዛበት በየወሩ፣ ካልሆነ በሁለት በሦስት ወር አንዴ።

አቅራቢ 2፦ መንገድ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ያቺ የፕላስቲክ ማስቀመጫ ቱቦ አለች።

አቅራቢ 1፦ ቀዳዳ ያላት ከሆነች ብቻ፤ እሷም ብትሆን ስትደርስ ወዲያው አውጣው። እርጥቡን ከድነህ ሁለት ቀን ከተውከው ስትከፍት ሽታው ይቀበልሃል። ለወራት የምታስቀምጠውን ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን አድርቀህ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ክዳን ባለው ሳጥን አድርገው። ሱፍ የሚበላው ብል የእንስሳ ጸጉርም ይበላል። ሰው ሠራሹን አይነካውም።

አቅራቢ 2፦ እኔ ግን እሰቅላለሁ።

አቅራቢ 1፦ ስቀል ወንድሜ! መስቀያው ግን የእጀታውን አንገት ይያዝ፣ ጸጉሩን እንዳይቆነጥጠው። ከመግዛትህ በፊት የአንገቱን ቀጭን ቦታ በማስመሪያ ለካ፤ የመስቀያው ክፍተት ከእሱ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሰፋ ይበል።

አቅራቢ 2፦ ከእጀታው ሆድ ግን መጥበብ አለበት።

አቅራቢ 1፦ አዎ፣ አለዚያ ሾልኮ ይወድቃል።